ከወንድም ጋር በችሎት ፊት፦ ከአንድ ፈረስ ሽያጭ የተማርነው



አማኝ ከአማኝ ጋር ሲጣላ ብዙ ጊዜ የሚጣላው በትምህርት ልዩነት አይደለም። በቤት ኪራይ፣ በብድር፣ በአጥር ድንበር፣ በእቁብና በሽያጭ ነው። ስለ እነዚህ ነገሮች ግን ከመድረክ ብዙ አንሰማም። ስለዚህ ነገሩ ሲደርስብን መንፈሳዊው ሰው እንዴት እንደሚጸልይ እናውቃለን፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ በእጁ ይዞ እንዴት እንደሚጸልይ ግን አናውቅም። እኔና ባለቤቴ ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በዚሁ መንገድ ላይ ላላችሁ ነው። የወንድማችንን ስም አንጠራም፤ እርሱም የራሱን ሐቅ ይዞ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው

የምንኖረው በድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ጋሪም ለረጅም ዘመን ሰውና ዕቃ ሲያመላልስባት ኖሯል። ዛሬ መንገዱ የባጃጅ ነው። ቤታችን ለዓመታት በአንድ ጋሪ ገቢ ቆሞ ነበር፤ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ የቤት ዕቃ፣ አንዳንዴም ውኃ እናመላልስ ነበር። ሥራው እየቀዘቀዘ፣ የመኖ ዋጋ ደግሞ እየጨመረ ሲሄድ ፈረሱን ከነጋሪው ለመሸጥ ተስማማን።

ገዢው ሩቅ ሰው አልነበረም። ሐሙስ ማታ በቤታችን በሚደረገው ሕብረት አብሮን የሚቀመጥ፣ ልጆቻችን «አጎቴ» የሚሉት ወንድም ነው። ደላላ አላስፈለገንም። ፈረሱን ሁለት ቀን አስነድቶ አየው። በግራ የፊት እግሩ ላይ ከጥንት ጀምሮ ያለውን ጠባሳ አሳየነው፤ በውሉም ላይ አስፍረነዋል። ዋጋው 24 ሺህ ብር ነበር፤ 16 ሺውን ያን ዕለት ከፈለ፣ 8 ሺው በሁለት ወር ውስጥ ሊከፈል ሁለት ምስክሮች ባሉበት ተፈራረምን። ከዚያ በኋላ ጸሎት አድርገን ቡና ጠጣን።

በአራተኛው ሳምንት ፈረሱ ማነከስ ጀመረ። የሚያነክሰውም በዚያው በግራ የፊት እግሩ ነው። ወንድማችን ወዲያው ነገረን፦ «ጤነኛ ነው ብላችሁ የሸጣችሁልኝ ፈረስ ታሟል፤ ገንዘቤን መልሱ፣ ፈረሳችሁን ውሰዱ።» እኛ ደግሞ ከእኛ ጋር በነበረበት ጊዜ አንክሶ እንደማያውቅ፣ ጠባሳውንም ያልደበቅነው መሆኑን ነገርነው። ሁለታችንም የምናውቀውን ነው የተናገርነው። ክፉው ነገር ያ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ውሸታም ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር።

የድሬ ሰው እንደሚታወቀው ትልቁንም ትንሹንም «አንተ፣ አንቺ» ነው የሚለው፤ ይህ ንቀት ሳይሆን ቅርበት ነው። ለዓመታት እንዲህ ሲጠራን የኖረ ሰው አንድ ቀን በስልክ «እርስዎ» ማለት ጀመረ። ልባችን የተሰበረው ያኔ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥሪያው መጣ፤ ከሳሽ እርሱ፣ ተከሳሾች እኛ።

መጥሪያ ማክበር ኃጢአት አይደለም

መጀመሪያ የመጣብን ጥያቄ፦ ፍርድ ቤት እንሂድ ወይስ አንሂድ? የሚል ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥1-8 ላይ ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት ስለ መክሰሱ የቆሮንቶስን ቤተክርስቲያን አጥብቆ ይወቅሳል። ከመበደል ይልቅ መበደልን መሸከም እንደሚሻል ያስተምራል። ይህን ክፍል አንብበው አንዳንድ ወዳጆቻችን «አትሂዱ፣ ጌታ ይፈርዳል» አሉን።

ነገር ግን ክፍሉን ደጋግመን ስናነብ ጳውሎስ የሚናገረው ክስ ለሚያነሳው ሰውና በመካከል ሽማግሌ ላጣችው ቤተክርስቲያን መሆኑን አስተዋልን። የተጠራ ሰው አይቅረብ የሚል ቃል የለበትም። ይኸው ሐዋርያ በሐዋርያት ሥራ 25፥11 ላይ በዘመኑ ሕግ የተሰጠውን መብት ተጠቅሞ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል፤ በሮሜ 13 ላይ ደግሞ ባለ ሥልጣናትን እንድናከብር ያስተምራል። መጥሪያን መናቅ እምነት አይደለም። በእኛ አገር የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ተከሳሽ በተጠራበት ቀን ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ይችላል። ያኔ ዳኛው የሚሰማው የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ነው። ምሳሌ 18፥17 ደግሞ አስቀድሞ የተናገረ ሰው ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ እውነተኛ እንደሚመስል ያስተምረናል። ዳኛው እውነትን እንዲያገኝ መርዳትም ለጌታ መታዘዝ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ለማድረግ ወሰንን። የመከላከያ መልሳችንን በቀኑ እናቀርባለን፤ የእርቁንም በር አንዘጋም። በመልሳችን ውስጥ ወንድማችንን የሚሰድብ አንድም ቃል እንዳይኖር ጸለይን። ጽሑፉን ያረቀቀልን ሰው «ከሳሽ ሆን ብሎ የቀረውን ክፍያ ላለመክፈል» የሚል ሐረግ አስገብቶ ነበር። የልቡን አሳብ የሚያውቅ ጌታ ብቻ ነውና አስወጣነው። የሆነውን፣ የተከፈለውን፣ የተጻፈውን ብቻ ጻፍን።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ አማኞች ስለ ሕግ ሲነሳ ይፈራሉ ወይም ይንቃሉ። እኛ ግን ማወቁ ከብዙ ቁጣ እንደጠበቀን እንመሰክራለን። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ለሌለው ሰው በየዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚያቋቁሟቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ፤ ምክር መጠየቅ አያሳፍርም።

የግል ሽያጭን የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በቁጥር 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል። ፈረስ እንደ መኪና ወይም እንደ ባጃጅ ሊብሬ የለውም፤ ውሉ የግድ የተለየ ሥርዓት አይፈልግም፣ የባለቤትነት መብቱም በርክክብ ይተላለፋል። ስለዚህ «ሸጠን አስረክበናል፤ ከእንግዲህ አያገባንም» ማለት ይቀል ነበር። ሕጉ ግን በዚህ አይቆምም። ቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለ መሆኑ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያዛል። ገዢውም በበኩሉ ግዴታ አለበት፤ የገዛውን እንደ ተቀበለ ሊመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ ሊያስታውቅ ይገባዋል። አውቆ ያታለለ ሻጭ ግን በገዢው መዘግየት ሊጠለል አይችልም።

ይህን ስናውቅ ወንድማችን ሊጠይቅ የማይገባውን ነገር እንዳልጠየቀ ተረዳን። በጊዜው አስታውቆናል። የጥያቄው ሁሉ ቁልፍ አንድ ነበር፦ ሕመሙ ፈረሱ በተሸጠበት ቀን ነበረ ወይስ በኋላ መጣ? ከዚያ በፊት እርሱን እንደ ጠላት የምናይበት ሰዓት ነበረን፤ ሕጉን ካነበብን በኋላ ግን አንድ ጥያቄ እንደያዘ ሰው ልናየው ቻልን።

ደግሞ ገዢ ሁሉ እንደሚያደርገው ዋጋ ያራክሳል የሚል ጥርጣሬ ቢመጣብን ምሳሌ 20፥14 ትዝ ይለናል፤ ገዢ ሲገዛ ያጣጥላል፣ ከሄደ በኋላ ይመካል ይላል ጠቢቡ። ወንድማችን ግን ሲገዛ አላጣጣለም። ፈረሱን ወዶ፣ አምኖን ገዛ። ቁስሉ የጠለቀው ለዚህ ነው።

ፈረሱ ከሳሽም ተከሳሽም አይደለም

ቀጠሮው እየተጓተተ ሳለ የማንረሳው ነገር ተፈጠረ። ፈረሱን ማንም አላሳከመውም። ወንድማችን «የእነርሱ ነው፤ ካሳከምኩት እንደተቀበልኩት ይቆጠርብኛል» ይላል። እኛ ደግሞ «የእርሱ ነው፤ ካሳከምነው ጥፋተኛ ነን ማለት ይሆናል» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይሰጠናል። በድሬ ሙቀት፣ በአንድ የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ እንስሳው እግሩን አንስቶ ይቆማል።

ምሳሌ 12፥10 ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ያስተምራል። ይህን ቃል ባለቤቴ በጠዋት ጸሎት ላይ አነበበችው፤ ሌላ ምክር አላስፈለገንም። ለወንድማችን እንዲህ ብለን መልእክት ላክን፦ «ሐኪሙን እኛ እንከፍላለን። ይህ የጥፋት ማመኛ አይደለም፤ ለአንተም በፍርድ ቤት ማስረጃ አይሁንብህ፣ ለእኛም አይሁንብን። ፈረሱ ይታከም።» መልሱ አንድ ቃል ነበር፦ «እሺ።» ከአንድ ወር በላይ ከተለዋወጥናቸው ቃላት ሁሉ ክርክር ያልነበረበት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ኮቴውን ጠረገው። ሕመሙ ከጠባሳው እንዳልሆነ፣ በኮቴው ውስጥ መግል መያዙን ነገረን። አወጣለት፣ አጠበው፣ መድኃኒት ሰጠው፣ ለሳምንታት ጋሪ እንዳይጎትት አዘዘ። «መቼ ጀመረው?» ብለን ሁለታችንም ወገን ጠየቅነው። ከሽያጩ በፊት ወይም በኋላ ነው ብሎ ሊምል እንደማይችል ነገረን። ሁላችንም የጠበቅነው መልስ አልነበረም። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዋሽታችኋል» የሚለው ቃል ከወንድማችን አፍ አልወጣም፤ «ሰበብ ፈልጎ ነው» የሚለውም ከእኛ ቤት ጠፋ።

እውነቱ በማይታወቅበት ጊዜ

እግዚአብሔር በቃሉ ስለዚህ ዓይነት ነገር ምን ይላል ብለን ፈለግን። ያገኘነው ብዙ ጊዜ ዘለን በምናልፈው ክፍል ነው፤ ዘፀአት 21፥35-36። የአንድ ሰው በሬ የባልንጀራውን በሬ ወግቶ ቢገድል፣ በሬው ተዋጊ መሆኑ ቀድሞ የማይታወቅ ከሆነ፣ በሕይወት ያለውን ሸጠው ዋጋውን ይካፈላሉ፤ የሞተውንም ይካፈላሉ። ባለቤቱ በሬው ተዋጊ መሆኑን እያወቀ ካልጠበቀው ግን ሙሉውን እርሱ ይከፍላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አሰብን። የእግዚአብሔር ሕግ የሚያውቅን ሰውና የማያውቅን ሰው ይለያል። አውቆ የጎዳ ሙሉውን ይሸከማል። ማንም ያላወቀው ጉዳት ሲደርስ ግን ኪሳራው በአንዱ ትከሻ ላይ ብቻ አይወድቅም፤ ባልንጀሮች ይካፈሉታል። ፈረስ በሬ አይደለም፤ የእኛም ነገር መዋጋት አልነበረም። ነገር ግን የጌታ ልብ በዚህ ሕግ ውስጥ በግልጥ ይታያል። «ጥፋቱ የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ባይገኝም «ሸክሙን እንዴት እንካፈል?» ለሚለው መልስ አለ።

ሽማግሌ በመካከላችን

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል የሽማግሌ ባህል ጥልቅ ነው። በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ ጃርሱማ አለ። የኢሳ ሶማሌዎች ያልተጻፈ ሕግ፣ ሄር ኢሴ፣ በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲና የሶማሊያ የጋራ ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ጎረቤቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የደም ነገር ያስታርቃሉ፤ እኛ የመስቀሉን ወንጌል የተቀበልን ሰዎች ደግሞ በስምንት ሺህ ብር መታረቅ ካቃተን ምን ምስክርነት ይኖረናል? ጳውሎስም የቆሮንቶስን ሰዎች የጠየቃቸው ይህንኑ ነው፦ በወንድሞች መካከል ሊፈርድ የሚችል አንድ አስተዋይ እንኳ ጠፋን? ብሎ።

በማቴዎስ 18፥15 ላይ ጌታ እንዳዘዘው በመጀመሪያ ለብቻችን ሄደን ነበር፤ አልሆነም። ቀጥሎ ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ አንዱን እኛ፣ አንዱን እርሱ፣ ሦስተኛውን ሁለቱ ሽማግሌዎች መረጡ። ሦስተኛው አባት በወጣትነታቸው ጋሪ የነዱ ሰው ነበሩ። ምሽቱን በጸሎት ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ «አሁን ስለ መንፈስ ሳይሆን ስለ ብር ተናገሩ» አሉ። ይህ ጠቀመን። ብዙ ጊዜ በእርቅ ጉባኤ ላይ ቶሎ ተቃቅፈን እናለቅሳለን፤ ብሩ ግን ሳይነሳ ይቀራል፤ ከዓመት በኋላ ያው ነገር ይመለሳል። እነዚህ አባቶች ውሉን አነበቡ፣ የሐኪሙን ወረቀት አዩ፣ ምስክሮቹን ሰሙ፣ እያንዳንዱ የደረሰበትን ኪሳራ በቁጥር አስቀመጡ።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። ፈረሱና ጋሪው ከወንድማችን ጋር ይቀራሉ። ከቀረው 8 ሺህ ብር 4 ሺውን እኛ እንተዋለን፤ 4 ሺውን እርሱ በአራት ወር ይከፍላል። የሕክምናውን ወጪ እኩል እንካፈላለን። ፈረሱ ባረፈባቸው ሳምንታት የጠፋውን ገቢ እርሱ ይሸከማል። ክሱም ይዘጋል። ማንም «ጥፋተኛ ነህ» አልተባለም።

ከዚያ በኋላ ስምምነቱን በቃል ብቻ አልተውነውም። ክስ በሂደት ላይ እያለ ተከራካሪዎች ቢታረቁ ስምምነቱን ለፍርድ ቤቱ አቅርበው ማስመዝገብ ይችላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 3312 በግልግል የተቋጨን ነገር በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ያየዋል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237 ደግሞ ለእርቅ የራሱን ሥርዓት አበጅቷል። ሕጉ እርቅን አይጠላም፤ ዳኛውም ስምምነታችንን ሲቀበሉ ፊታቸው የደስታ ነበር። ማቴዎስ 5፥25 ላይ ጌታ በመንገድ ሳለህ ከባለጋራህ ጋር ፈጥነህ ተስማማ የሚለውን ትምህርት የሰጠበት ምክንያት በችሎቱ በር ስንወጣ ገባን። መንገዱ አጭር ነው፤ ከበሩ ወዲያ ያለው ቃል የዳኛው እንጂ የእኛ አይሆንም።

እርቅ በአንድ ቀን አያልቅም

እዚህ ላይ በ«ሃሌሉያ» ብንዘጋው ደስ ባለን። ነገር ግን እውነቱን እንንገራችሁ። ፈረሱ ዳነ፤ አሁንም ይሠራል። ብሩም እንደ ተባለው ተከፈለ። ወንድማችን ግን ለስምንት ወር ያህል ወደ ሐሙሱ ሕብረት አልመጣም። በእሁድ አምልኮ እንገናኝ ነበር፤ ሰላምታው አጭር ነው። የጌታ እራት በተዘጋጀባቸው ቀናት ከመቅረባችን በፊት ሁልጊዜ ወደ እርሱ ሄደን «በልብህ የቀረ ነገር አለ?» እንለው ነበር። አንድ ጊዜ «አለ፤ ጸልዩልኝ» አለ። ከሐሰተኛ ፈገግታ ይህ መልስ እንደሚሻል ጌታ አስተማረን። ምሳሌ 18፥19 የተበደለ ወንድም ከጸናች ከተማ እንደሚጠነክር ይናገራል፤ ከተማ ደግሞ በአንድ ምሽት በሩን አይከፍትም።

ስለ 4 ሺው ብር የምንጸጸት የሚመስላቸው ሰዎች ይጠይቁናል። ያ ብር ለቤታችን ትንሽ አልነበረም፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ያጎደለበት ወር ነበር። ነገር ግን ያን ወር ጌታ አሳለፈን። አንድ ወንድም ቢጠፋብን ግን የምንተካበት ገበያ አሸዋም ታይዋንም የለም።

ለምትሸጡና ለምትገዙ

ከዚህ መንገድ የቀረልንን ጥቂት ምክር እናካፍላችሁ።

ወንድም ለወንድም ሲሸጥም ይጻፍ። ኤርምያስ የአናቶትን እርሻ ከዘመዱ ከአጎቱ ልጅ ሲገዛ 17 ሰቅል ብር መዝኖ፣ ውል ጽፎ፣ አትሞ፣ ምስክሮች አቁሞ ነው (ኤርምያስ 32፥9-14)። መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ነገ የሚረሳውን ቃል ዛሬ መጠበቅ ነው። እኛን ከብዙ ክርክር ያዳነን ጠባሳው የተጠቀሰበት ያ አንድ መስመር ነው።

እንስሳ ስትሸጡ የእንስሳት ሐኪም በፊታችሁ ይየው፤ ወጪውንም ተካፈሉት። የምታውቁትን እንከን ሁሉ ተናገሩ፣ ጻፉትም። ገዢዎችም እንከን ስታገኙ አትዘግዩ፤ ለጎረቤት ከመንገራችሁ በፊት ለሻጩ ንገሩት።

መጥሪያ ከመጣ በቀኑ ቅረቡ፤ ስትቀርቡም ያያችሁትንና የሰማችሁትን ብቻ ተናገሩ። ነገሩ በክርክር ላይ እያለ በመካከል የሚጎዳ እንስሳም ሆነ ልጅ ወይም ሠራተኛ ካለ ፍርዱን ሳትጠብቁ እርሱን አስቀድሙ።

ሽማግሌ ስትመርጡ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ይኑርበት። ጸሎት የሚችል ብቻ ሳይሆን ጋሪ የነዳ፣ ቤት ያከራየ፣ ሱቅ የያዘ ሰው።

ቤተክርስቲያናትም ይህን አገልግሎት አስቡበት። ለሠርግና ለኀዘን ኮሚቴ አለን፤ ለሽያጭ ጠብ ግን የለንም። አማኞች ወደ ችሎት የሚሮጡት ሁልጊዜ ልባቸው ስለ ደነደነ አይደለም፤ ሌላ የሚሄዱበት በር ስላላገኙ ነው።

ጌታ ሆይ፣ በእጃችን የሚያልፈው ገንዘብ ልባችንን አይውሰደው። የበደልነው ካለ አሳየን፤ የበደለን ካለ ይቅር የምንልበትን ጸጋ ስጠን። እውነቱ በተሰወረብን ነገር ሸክም የምንካፈልበትን ጥበብ አብዛልን። ዳኞቻችንን በጽድቅ አጽናቸው፣ ሽማግሌዎቻችንን ባርክ። ዛሬ በአንድ ከተማ ውስጥ እየተያዩ ሰላም የማይባባሉ ልጆችህን አንተ አቀራርባቸው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።